ወደ ሸክላ ሠሪው ቤት መውረድ

ነቢዩ ኤርምያስ በአንድ ወቅት የእግዚአብሔርን ቃል ይሰማ ዘንድ የተላከው ወደ ነገሥታት አደባባይ አልነበረም፤ ወደ ሸክላ ሠሪው ቤት እንዲወርድ ታዘዘ እንጂ። ወርዶም ሠሪው በመንኰራኵር ላይ ሲሠራ፥ የተበላሸውንም ጭቃ መልሶ ሌላ ዕቃ ሲያደርገው ተመለከተ። ይህን ታሪክ ከአንባቢዎቻችን የማያውቀው የለም፤ በዐውደ ምሕረትም ብዙ ጊዜ ተሰብኮበታል። ዳሩ ግን ሁላችን ወደ ምሳሌው ትርጓሜ እንቸኩላለንና፥ ነቢዩ አስቀድሞ እግሩን አንሥቶ ወደ አንድ የእጅ ሠራተኛ ደጅ መሄዱን፥ የሥራውንም አካሄድ በትዕግሥት ማየቱን ልብ የሚል ጥቂት ነው። እኛ ዕቃውን ከገበያ እንገዛለን፤ ሠሪውን ግን አናውቀውም።

በሌሎች አገሮች ከተሞች አንድ መልካም ልማድ አለ። በዓመቱ ውስጥ በታወቁ ቀኖች የሰፈሩ ሠዓሊዎች፥ ሸክላ ሠሪዎች፥ ሸማኔዎችና አናጢዎች የሥራ ቤታቸውን ደጅ ይከፍታሉ፤ የአገሩም ሰው ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው እየዞረ ያያል፥ ይጠይቃል፥ የወደደውንም ይገዛል። በአዲስ አበባም ለዚህ የሚቀርብ ነገር አለ። ሽሮ ሜዳ ወጥቶ ሸማኔዎችን፥ ቀጨኔ ተሻግሮ ሸክላ ሠሪዎችን፥ ከዚያም በከተማው ውስጥ ሠዓሊዎችን የሚጎበኝ አይታጣም። የሚበዙት መሪ ይዘው የሚመጡ የውጭ አገር እንግዶች ናቸው፤ ከከተማችን ሰዎችም አንዳንድ ይታያሉ። እኛም በአንድ ቅዳሜ ከጥቂት ወዳጆች ጋር በዚሁ መንገድ ዞርን። ስላየነው ሥራ የመሰለንን ልንጽፍ ተነሥተናል፤ ስለ ጎብኚውም ስለ ራሳችን ጭምር የምንለው አለን። ሠሪውን ማክበር ማለት ሥራውን ሳይመረምሩ ማመስገን አይደለምና፥ የሚነቀፈውን ብንነቅፍ አንባቢ አይቀየመን።

በመጀመሪያ የገባነው በሽሮ ሜዳ ከሸማኔዎች ቤት ነው። ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ዳር የተደረደሩትን የሀገር ልብስ ሱቆች የማያውቅ የከተማ ሰው የለም፤ ልብሱ የሚሠራባቸውን ጠባብ ቤቶች ግን ያየ ብዙ አይደለም። ከሸማኔዎቹ የሚበዙት ከጋሞ ደጋ፥ ከዶርዜና ከጨንቻ አገር የመጡ፥ ወይም ከዚያ ከመጡት የተወለዱ ናቸው። ሸማኔው እግሩን በጉድጓድ ውስጥ አድርጎ ይቀመጣል፤ በእግሩ ድሩን ይከፍታል፥ ይዘጋል፤ በእጁ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፥ ከግራ ወደ ቀኝ ይሰድዳል፤ ማጉንም እየመታ ያጠብቃል። የጥለቱ ተራ ሲደርስ ግን ያ ሁሉ ፍጥነት ይቆማል። የትኛውን ድር እንደሚያነሣ፥ የትኛውንም እንደሚተው በልቡ እየቈጠረ ባለቀለሙን ክር በጣቱ ያስገባል። አይቶ የሚገለብጠው ሥዕል በፊቱ የለም፤ ቍጥሩ ሁሉ በራሱ ውስጥ ነው።

በሁለት ቤቶች ያየናቸውን ሁለት ነጠላዎች እናነጻጽር። የመጀመሪያው ጥለት ስፋቱ ከሦስት ጣት አይበልጥም። ቀለሙ ጥቁር አረንጓዴና ብጫ ብቻ ነው፤ አንድ የመስቀል ቅርጽ በመካከሉ በቂ ቦታ እየተወ ይመላለሳል። ነጩን ሸማ ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘርግተን ብናየው ድርና ማጉ ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው፤ የሳሳ ቦታ የለውም፥ የተደራረበም የለበትም። የጥለቱን ጀርባ ገልብጠን አየን፤ ክሩ ተንጠልጥሎ አልቀረም፥ በሥርዓት ተያይዞ ገብቷል። ይህ ሥራ ከሩቅ አይጣራም፤ ቀርቦ ላየው ግን አይሰለችም።

ሁለተኛው ከአንድ ስንዝር የሚበልጥ ጥለት አለው። ወርቅማና ብርማ ብልጭልጭ ክር፥ ከዚያም በላይ አምስትና ስድስት ዓይነት ቀለም ተጨናንቆበታል። ድካሙ ታላቅ እንደ ሆነ አይካድም፤ የሸማኔውም እጅ የሠለጠነ ነው። ነገር ግን ነጩ ሸማ ቢያዩት እንደ ወንፊት የሳሳ ነው፤ ክሩና ጊዜው ሁሉ ወደ ጥለቱ ሄዷልና። ጥለት ለነጩ ድንበሩ ነው፤ ድንበር አገሩን ከዋጠው ግን ምን ይቀራል? ደግሞም የነጠላ አለባበስ በእኛ ዘንድ ራሱን የቻለ ቋንቋ ነው። ኀዘን የደረሰበት ሰው ጥለቱን ወደ ላይ፥ ወደ አንገቱ አድርጎ ይለብሳል፤ ያየውም ሁሉ ሳይጠይቅ ኀዘኑን ያውቃል። ጥለቱ ልብሱን ሁሉ ከሸፈነው የኀዘኑና የደስታው አለባበስ በምን ይለያል?

ይህን አስተያየታችንን በትሕትና ብንነግረው ሸማኔው ፈገግ አለና፥ «ጌታዬ፥ እኔስ ቀጭኑን እወድ ነበር፤ ገዢው ግን የሚያበራ አምጣ ይላል። ለልጆቼ እንጀራ የሚያመጣው የሚያበራው ነው» ብሎ መለሰልን። መልሱ ነቀፋችንን ከእርሱ ላይ አንሥቶ በእኛ ላይ አኖረው። የሸማኔን እጅ የሚያሠለጥነው ወይም የሚያበላሸው የገዢው ዐይን ነው። ከባሕር ማዶ በማሽን ታትሞ የሚመጣው፥ ጥለት መሳይ የታተመበት ጨርቅ ገበያ ያገኘውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከሩቅ የሚያበራውን ብቻ የሚሻ ሰው የታተመውን ከተሸመነው አይለይምና። ለመለየት አስቸጋሪ አይደለም፤ ጨርቁን መገልበጥ ይበቃል። የታተመው በጀርባው የደበዘዘ ነው፤ የተሸመነው ግን በጀርባውም ሥራ ነው።

ከሽሮ ሜዳ ወደ ቀጨኔ ተሻገርን። ቀጨኔ በእንጦጦ ግርጌ ያለ ሰፈር ነው፤ የሸክላውም ሥራ በሴቶች እጅ ነው። ኤርምያስ ያየው መንኰራኵር በዚህ የለም። ሴቲቱ ጭቃውን ከረገጠችና ካሸች በኋላ በእጇ እየሳበች፥ በመዳፏ እየደገፈች ታነሣዋለች፤ ዕቃው አይዞርም፥ እጇ ይዞራል እንጂ። እንዲህም ሆኖ የጀበናው ሆድ የተለካ ያህል ክብ ሆኖ ይወጣል። ጥቂት ከደረቀ በኋላ በለሰለሰ ድንጋይ ታሸዋለች፤ ከዚያ በማገዶና በባሕር ዛፍ ቅጠል በሜዳ ላይ ይቃጠላል። ከእሳቱ ሁሉም በደኅና አይወጣም፤ አንዱ ይሰነጠቃል፥ ሌላውም ይፈነዳል። የብዙ ቀን ድካም በአንድ ሰዓት ውስጥ ገል ሲሆን ኪሳራው የሠሪዋ ብቻ ነው፤ በገበያ ዋጋ የምንከራከር ሰዎች ይህን በሒሳባችን አናገባውም።

ስለ ሥራው ብንናገር፥ ጀበናዎቹ እጅግ የተመሰገኑ ናቸው። አንገቱ ረዝሞ ቀጥ ያለ፥ መቅጃው ዝቅ ብሎ ከሆዱ የወጣ፥ ጆሮውም ጣትን ሳያጣብቅ የሚያዝ ነው። በጣታችን ብንመታው እንደ ደወል ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ፤ ስንጥቅ ያለበት ግን ድምፁ ይታፈናልና ገዢ ሁሉ ይህን ፈተና ሊያውቅ ይገባዋል። የእንጀራውም ምጣድ እንዲሁ ነው። ብዙ ሰው ኤሌክትሪክ ከገባ ወዲህ የሸክላ ሠሪዋ ሥራ ያለፈበት ይመስለዋል፤ ነገር ግን የኤሌክትሪኩን ምጣድ ክዳኑን አንሥቶ ያየ ሰው፥ እንጀራው ዛሬም የሚጋገረው በሸክላ ላይ መሆኑን ያገኛል። ሽቦው አዲስ ነው፤ ገጹ ግን የዚያችው ሴት እጅ ሥራ ነው።

ለጎብኚዎች ተብለው የሚሠሩትን ትናንሽ ምስሎች ግን እንዲህ ልናመሰግን አንችልም። እንስራ የተሸከመች ሴት፥ ቡና የምትቀዳ ሴት፥ ልጅ ያዘለች ሴት በመደርደሪያው ላይ በሃምሳና በስድሳ ተደርድረዋል፤ ፊታቸው ሁሉ አንድ ነው። ምስል መሥራቱ ነውር ሆኖ አይደለም፤ ከእነርሱ መካከል አንዲት ትንሽ አህያ አግኝተናል፥ ከጭነቷ በታች ጆሮዋን ጥላ የቆመች፤ ሠሪዋ አህያውን በእውነት እንዳየችው ያስታውቃል። የቀሩት ግን ከሕይወት የተወሰዱ አይደሉም፤ አንዱ ከሌላው የተወሰደ ነው። ጎብኚው ቸኩሎ ስለሚገዛ ሠሪዋም ቸኩላ ትሠራለች።

በዚህ ነገር ወለቃን ማስታወስ ይገባል። በጎንደር ከተማ አጠገብ ያለችው ይህች መንደር በቤተ እስራኤል ሴቶች የሸክላ ምስሎች በጎብኚዎች ዘንድ የታወቀች ነበረች። ቤተ እስራኤላውያን እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ በብዛት ወደ እስራኤል ሄዱ፤ ምስሎቹ ግን ዛሬም በዚያ በሌሎች እጅ ይሠራሉ፥ ይሸጣሉም። የሚገዛውም ሰው ብዙ ጊዜ ልዩነቱን አያውቅም። ሠሪውን ሳያውቁ ዕቃውን ብቻ መውደድ ወዴት እንደሚያደርስ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያሻም፤ ሠሪዎቹ ሄደው ንግዱ እንዳልተነካ ይቀጥላል።

አሁን ልንሰውረው የማይገባንን አንድ ነገር እንናገር። ሸክላ ሠሪዋ እንግድነታችንን አክብራ ቡና አፈላች። ከእኛ ጋር የነበረ አንድ የተማረ ሰው ሲኒው ሲደርሰው እጁን ሰበሰበ፤ ቡና ይከለክለኛል አለ። በጧት ግን በሽሮ ሜዳ ሁለት ሲኒ ጠጥቶ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ወደ ጎረቤቱ ዘንበል ብሎ፥ የሸክላ ሠሪ ዐይን እንደሚያስፈራ የሚነገረውን ያን አሮጌ ቃል በሹክሹክታ ተናገረ። ወዲያውም ስልኩን አውጥቶ የሴቲቱን እጅ ከጭቃው ጋር ፎቶግራፍ አነሣ። እጇን ለፎቶግራፍ ወደደው፤ ከዚያው እጅ ሲኒ መቀበልን ግን ፈራ። እርሷ አላየችም ብለን ራሳችንን ልናጽናና ፈልገን ነበር፤ ነገር ግን ሲኒውን መልሳ ስታነሣ ፊቷን ስላየን፥ ይህ ነገር ዛሬ እንዳልጀመራት ዐወቅን። እኛም ያን ጊዜ ዝም አልን፤ ዝምታችንም ከወዳጃችን ሹክሹክታ የሚሻል አልነበረም።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ሠራተኛን በሙያው ምክንያት መስደብን ከልክለዋል። አንጥረኛውን፥ ሸማኔውን፥ ቆዳ ፋቂውን በስድብ ስም የሚጠራ ሁሉ አገርን ባዶ የሚያስቀር መሆኑን ንጉሠ ነገሥቱ ተረድተውት ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ስድቡ ከአደባባይ ጠፍቶ ወደ ሹክሹክታ ወርዷል፥ አልሞተም። ደግሞስ ካህናት ለሆኑት አንባቢዎቻችን ባስልኤልንና ኤልያብን ማስታወስ ያስፈልግ ይሆን? የደብተራ ኦሪትን ሥራ እንዲሠሩ በስማቸው የተጠሩ፥ ጥበብም ከላይ የተሰጣቸው የእጅ ሠራተኞች ነበሩ። መጽሐፈ ሲራክም አንጥረኛውንና ሸክላ ሠሪውን በየሥራ ቤታቸው ተመልክቶ፥ ያለ እነርሱ ከተማ እንደማትቆም መስክሯል። በመጽሐፉ የከበረውን ሰው በሰፈሩ የምንንቅ ከሆነ ንባባችን ገና አልተፈጸመም።

ዙረታችንን የጨረስነው በአንድ ሠዓሊ ቤት ነው። ይህ ሠዓሊ ሥራውን የተማረው በቀድሞው ሥርዓት፥ በመምህሩ እግር ሥር ነው። በ1950 ዓ.ም. በአለ ፈለገ ሰላም መሪነት የተቋቋመው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያወጣቸው ሠዓሊዎች በሌላ መንገድ ይሄዳሉ፤ ስለ እነርሱ በዚህ ጽሑፍ አንናገርም። የቀድሞው ሥርዓት ቅዱሱን ሁለት ዐይኑ እንዲታይ፥ ክፉውን ግን በጎኑ፥ በአንድ ዐይኑ ብቻ እንዲታይ አድርጎ ይሥላል፤ ይህም ሥርዓት ለማያነብ ሰው ፊደል ሆኖ ኖሯል። ሠዓሊው ለአንድ ቤተ ክርስቲያን የጀመረውን የስቅለት ሥዕል አሳየን። የእመቤታችን ፊት በጥቂት መስመር የተሠራ ነው፤ እንባም ዐይነ ውኃም አልበዛበትም፤ ነገር ግን ወደ ጉንጯ የቀረበው እጇ ኀዘኑን ሁሉ ተሸክሞታል። ጭፍራው በሚያስቅ ፊት እንዲሣል ልማድ ሆኖ ሳለ፥ ይህ ሠዓሊ ጦር የያዘውን ሰው ልክ እንደ መንደራችን ሰው አድርጎ ሥሎታል። ለምን ብንለው፥ «የሰቀለው እንግዳ ሰው አይደለም ብዬ ነው» አለን። ይህ መልስ በቃልም ቢሆን በቀለምም ቢሆን ስብከት ነው።

ከዚያው ቤት በሌላው ጥግ ግን የንግሥተ ሳባ ታሪክ፥ ብዙ ጊዜ እንደሚሠራው በ44 ክፍል ተከፍሎ፥ በብዙ ቅጂ ተደርድሯል፤ በአጠገቡም በጭስ የጠቈሩ የብራና ቅጠሎች ተሰቅለው አየን። ብራናው አዲስ ነው፤ ጎብኚው አሮጌ ነገር ስለሚወድ እንዲያረጅ በጭስ ይታጠናል። ይህን እንነቅፋለን። አዲስ ሥራ አዲስ መሆኑ አያሳፍረውም፤ በጭስ ካረጀ ግን ውሸት ይናገራል፥ የሠሪውንም ስም ያጠፋል፤ አሮጌ መስሎ የሚሸጥ ዕቃ የዛሬ ሠሪ ስም ሊጻፍበት አይችልምና። ከስቅለቱ ሥዕል የተረፈው እጅ በዚህ ሥራ ሲጠፋ ማየት ያሳዝናል።

ስለ ስም ካነሣን አይቀር፥ በ15ኛው መቶ ዓመት በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን ስሙን ዛሬ የምናውቀው በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ባለው የእመቤታችን ሥዕል ላይ ስለ ተጻፈ ነው። ከእርሱ በፊትም በኋላም ስንት ታላላቅ ሠዓሊዎች ነበሩ፤ የብዙዎቹ ስም ግን የለንም። ትሕትና ነው የሚል ይኖራል፤ መልካም፥ ሠሪው ራሱን ቢሰውር ትሕትና ይሆናል። ነገር ግን በየአብያተ ክርስቲያናቱ ከሥዕሉ ግርጌና ከመጋረጃው ጫፍ ላይ የሰጪው ስም ተጽፎ እናነባለን፤ ይህን እገሌ ለነፍሱ መታሰቢያ ሰጠ ይላል። ገንዘቡን የሰጠው ሰው ከታሰበ፥ ዐይኑንና ጕልበቱን የሰጠው ሰው የማይታሰብበት ምክንያት ምንድር ነው? የሰጪው ስም የትሕትና ጕድለት ካልሆነ የሠሪውም ስም አይሆንም።

ስለዚህ ለየሥራ ቤቱ መከፈት ደስ ይለናል፤ ልማዱ እንዲሰፋና የሰፈሩ ሰው ራሱ ከውጭ አገር እንግዳ ይልቅ እንዲጎበኝ እንመኛለን። ነገር ግን መጎብኘት ማለት የሰውን ድህነት ገብቶ ማየት እንዳይሆን፥ ጎብኚው ሦስት ነገር ይዞ ይግባ። አንደኛ፥ የሠሪውን ስም ይጠይቅ፤ እርሱም ስሙን ይንገር። ሁለተኛ፥ ዋጋ ከመከራከሩ በፊት ሥራው ስንት ቀን እንደ ፈጀና ከእሳት ስንቱ እንደ ተረፈ ይወቅ። ሦስተኛ፥ ያልወደደውን አልወደድሁም ለማለት አይፈር፤ ማታለልና ከንቱ ምስጋና እጅን ያደክማል፥ ቅን ነቀፋ ግን ሠሪውን እንደ ባለሙያ መቍጠር ነው። የሚሰጡትንም ቡና ይጠጣ።

ወደ ቤታችን ከመመለሳችን በፊት እንደ ገና ወደ ቀጨኔ ወርደን ከዚያች ሴት አንድ ጀበና ለማሠራት ተዋዋልን። «እናቴ፥ ከሥሩ ስምሽን ጻፊበት» ብንላት ሣቀች። «ጀበና ፊደል አያነብ፥ እኔም ፊደል አልጽፍ፤ ምን ያደርግልሃል ልጄ?» አለች። ስሟን ነገረችን፤ በጋዜጣ እንዳይወጣ ግን ስለ ለመነችን እዚህ አልጻፍነውም። በሳምንቱ ጀበናውን ልንቀበል ስንሄድ ገለበጠችና አሳየችን። ከሥሩ፥ ጭቃው እርጥብ ሳለ፥ አውራ ጣቷን አትማበት ነበር። ቡናውንም በዚያው በአዲሱ ጀበና አፈላችልን፤ በዚህ ቀን ሲኒ የመለሰ አልነበረም።